መደዳ ቤቶቹን የሚጠብቀው ሕግ የሰዎቻቸውንም ታሪክ ይያዝ

በዋሽንግተን ዲሲ ናይንዝ ስትሪት ላይ፣ ከዩ ስትሪት ዝቅ ብሎ ጎን ለጎን ተጣብቀው የተሠሩት የጡብ ቤቶች ብዙ የሐበሻ ምግብ ቤት አስተናግደዋል። በዚያው ጎዳና ወደ ደቡብ ሲኬድ፣ ቁጥር 1538 ላይ፣ የታሪክ ምሁሩ ካርተር ጂ. ዉድሰን የኖሩበት ቤት ይገኛል። ዉድሰን ቤቱን የገዙት በ1922 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የታሪክ መጽሔታቸውን ሲያዘጋጁ የኖሩት፣ በ1926 የጥቁሮችን ታሪክ ሳምንት ያስጀመሩት፣ በ1950ም ያረፉት በዚሁ ቤት ሳሉ ነው። አሜሪካ ዛሬ በየዓመቱ የምታከብረው የጥቁሮች ታሪክ ወር መነሻው ያ ሳምንት ነው።

ቤቱን ከውጭ ለሚያየው ሰው ከጎረቤቶቹ የሚለየው ነገር እምብዛም ነው። ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ፊቱ ጠባብ ነው፤ በጡብ የተሠራ ነው። የዚህ ዓይነት ቤት ክብሩ የሚመጣው በውስጡ ከኖሩት ሰዎችና ግራ ቀኙን ከያዙት ጎረቤቶቹ ነው። ስለዚህ መደዳ ቤትን በቅርስነት መጠበቅ ከተፈለገ አንድ ዝነኛ ቤት መርጦ ሰሌዳ መለጠፍ አይበቃም። መደዳውን ከነጎዳናው፣ ታሪኩንም ከነሰዎቹ መያዝ ያስፈልጋል። ዋሽንግተን የመጀመሪያውን በብዙ መሥዋዕትነት ተምራዋለች። ሁለተኛው ገና ይቀራታል፤ እዚያ ላይ በከተማዋ ሥር የሰደደው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ድርሻ አለው፣ ኃላፊነትም አለበት።

አንድ ግድግዳ ለሁለት ቤት

የዋሽንግተን ጎዳናዎች ሲነደፉ እጅግ ሰፊ ተደርገው ነበር። ያን ሁሉ ስፋት ማንጠፍ ከከተማዋ አቅም በላይ ስለነበር፣ በ1870 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ የጎዳናዎቹ ዳርና ዳር ለዛፍና ለአትክልት እንዲውል ተፈቀደ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ቤት ሠሪዎች መስኮታቸውን ወደዚሁ የሕዝብ መሬት ገፋ አድርገው እንዲሠሩ ፈቃድ አገኙ። ዛሬ በየሰፈሩ የሚታየው መልክ የመጣው ከዚህ ነው፦ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ወደ ጣሪያው የሚዘልቅ ባለ ሦስት ገጽ መስኮት፣ ወደ በሩ የሚያወጣ የብረት ደረጃ፣ ከደረጃው ሥር ወደ ምድር ቤት የሚያስገባ ትንሽ በር፣ ከፊት ደግሞ በአጭር የብረት አጥር የተከበበች ደጅ። ባለቤቱ አበባ ተክሎ ውኃ ቢያጠጣባትም አብዛኛውን ጊዜ ያቺ ደጅ በሕግ የከተማው ሕዝብ ይዞታ ናት። የግለሰብ ቤት ፊት የሕዝብ ጉዳይ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት በግድግዳው ውስጥ ነው። ሁለት ቤቶች የሚጋሩት ግድግዳ የሁለቱንም ወለል ይሸከማል። አንዱ ባለቤት ምድር ቤቱን ለማጥለቅ ከመሠረቱ በታች ሲቆፍር የጎረቤቱ ግድግዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። አንዱ ቤት ሲፈርስ ደግሞ ለውጭ አየር ታስቦ ያልተሠራው የጋራ ግድግዳ ለዝናብና ለውርጭ ይጋለጣል።

ጥገናውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት ቤቶች ጡባቸው የተያያዘው በኖራና በአሸዋ ነው። ኖራው ከጡቡ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ግድግዳው ውስጥ የገባው እርጥበት በመጋጠሚያው በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ኖራው በዕድሜ ብዛት ሲረግፍ፣ ርካሽና ፈጣን ነው ተብሎ በምትኩ ጠንካራ ሲሚንቶ የተሞላበት ቤት አደጋ ላይ ነው። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ጡቡ ውስጥ ይቀራል፤ ክረምት ሲገባ በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ የጡቡም ፊት ቅርፊቱን እየጣለ ይፈረፈራል። ለማደስ የወጣ ገንዘብ ቤቱን አበላሸው ማለት ነው። ሥራውን በኖራ የሚሠራ ባለሙያ መፈለግ ዋጋው ወደድ ይላል። የቅርስ ጥበቃ ሕግ ባለቤቱን ወደዚያ ባለሙያ ሲመራው ግን ጎረቤቱንም እየጠበቀ ነው።

የፈረሰው ሰፈር ያስተማረው

ዋሽንግተን ይህን ሁሉ የተማረችው ካጠፋች በኋላ ነው። በ1950ዎቹ የከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ክፍል «የተጎሳቆለ ሰፈር» ተብሎ ለመልሶ ማልማት ተመረጠ። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ጥቁሮች ነበሩ። በሰፈሩ ሱቅ የነበራቸው ባለንብረቶች፣ ንብረታችን ራሱ ያልተጎሳቆለ ስለሆነ ሊወሰድ አይገባም ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ። በ1954 ፍርድ ቤቱ በርማን እና ፓርከር በተባለው መዝገብ በሙሉ ድምፅ ለመንግሥት ፈረደ። ሰፈሩ እንዳለ ተጠረገ፤ ከ20,000 በላይ ሰዎችም ተነሡ። ከተረፉት ጥቂት ሕንፃዎች መካከል በ1790ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ዊት ሮው የሚባሉት አራት መደዳ ቤቶች ናቸው። በከተማዋ ቀደምት ከሆኑት መደዳ ቤቶች የሚቆጠሩት እነዚህ ቤቶች ዛሬም የአንድ ዘመናዊ መኖሪያ ግቢ አካል ሆነው ቆመዋል። በዙሪያቸው የነበሩት ጎረቤቶች ግን የሉም።

የዉድሰን ቤት የሚገኝበት ሾው የተባለው ሰፈር ተራው ሲደርስ ነዋሪው የደቡብ ምዕራቡን አይቶ ነበር። በ1960ዎቹ ቄስ ዋልተር ፎንትሮይ የመሩት የነዋሪዎች ድርጅት ዕቅዱ ያለ ሕዝቡ ተሳትፎ እንዳይወጣ ታገለ። በመሀል ከተማና በሰሜን ምሥራቅ ሰፈሮች አቋርጠው ሊያልፉ የታቀዱትን ፈጣን አውራ ጎዳናዎችም ነጭና ጥቁር ነዋሪዎች ተባብረው አስቀሯቸው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በሚያዝያ 1968 በተገደሉበት ምሽት ከፎርቲንዝና ዩ ስትሪት መጋጠሚያ የተነሣው ቁጣና ቃጠሎ ሰፈሩን ክፉኛ ጎዳው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ባንክ አላበድርም፣ ነጋዴ አልከፍትም ሲል ቤታቸውን ይዘው፣ ግብራቸውን ከፍለው፣ ጣሪያቸውን እየጠገኑ የቆዩት ጥቁር ቤተሰቦች ናቸው። ዛሬ «ታሪካዊ» እየተባለ በውድ የሚሸጠው ጡብ እስከ ዛሬ የደረሰው በእነሱ ጽናት ነው።

መደዳ ቤቶቹ የያዙት ታሪክ ሁሉ ደግሞ የሚያኮራ አይደለም። በብሉሚንግዴል ሰፈር፣ በብራያንት ስትሪት አንድ ብሎክ ላይ ካሉት 31 ይዞታዎች 20ዎቹ በ1906 የተሸጡት ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥና እንዳይከራይ በሚያስገድድ ውል ነበር፤ ውሉን ያፈረሰ 2,000 ዶላር ይቀጣል። ጄምስና ሜሪ ኸርድ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ከእነዚህ ቤቶች አንዱን፣ ቁጥር 116ን ሲገዙ ጎረቤቶቻቸው ከሰሷቸው። ጠበቃቸው ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነበሩ። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ውል የከተማዋ ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ሲል ወሰነ። ብሉሚንግዴል በ2018 በታሪካዊ ሰፈርነት ተመዝግቧል። ያ መደዳ በየጊዜው ፈርሶ በረጃጅም አፓርትመንት ተተክቶ ቢሆን ኖሮ የዚያ ሙግት ታሪክ በመዝገብ ውስጥ ብቻ ይቀር ነበር። አሁን ማንም በደጁ አልፎ፣ ነጭና ጥቁር አንድ ግድግዳ መጋራት የተከለከሉበትን ቦታ ቆሞ ሊያየው ይችላል።

ሕጉ ምን ይጠብቃል?

የከተማዋ የቅርስ ጥበቃ ሕግ በሁለት ደረጃ ያደገ ነው። በ1950 ኮንግረስ ለጆርጅታውን ብቻ የሚሆን ሕግ አወጣ። መላ ከተማዋን የሚያካትተው ጠንካራው ሕግ የመጣው በ1978 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ሰፈር በታሪካዊነት ከተመዘገበ በኋላ ዝነኛ የሆነውም ያልሆነውም ቤት ለሰፈሩ መልክ አስተዋጽኦ ካለው አብሮ ይጠበቃል። ለማፍረስ ወይም የውጭ ገጽታውን ለመለወጥ የፈለገ ባለቤት ዕቅዱን በከተማዋ የታሪካዊ ቅርሶች ጥበቃ ሥርዓት ማስገምገም አለበት፤ ትልልቁን ጉዳይ የሚያየው ገምጋሚ ቦርዱ ነው። ማፍረስ የሚፈቀደው የከንቲባው ወኪል ጉዳዩን በይፋ ሰምቶ ለሕዝብ ጥቅም አስፈላጊ ነው ሲል፣ ወይም መከልከሉ በባለቤቱ ላይ ምክንያታዊ ያልሆነ የኢኮኖሚ ጉዳት ያደርሳል ብሎ ሲያምን ብቻ ነው። ዩ ስትሪትና አካባቢው በዚህ ሕግ የተመዘገበው በ1998 ነው።

ሕጉ ላይ የሚነሣው ዋና ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቤት በጠፋበት፣ ኪራይ በናረበት ከተማ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አፍርሶ ባለ ስድስት ፎቅ መሥራት መከልከል የቤት ፈላጊውን ሸክም ያከብዳል ይላሉ ተቺዎች። የዋሽንግተን ሕዝብ በ1950 ከ802,000 በላይ ነበር፤ በ2000 ወደ 572,000 ወረደ፤ በ2020 ተመልሶ 689,000 ደረሰ። የተመለሰው ሰው ቤት ይፈልጋል፤ ይህ እውነት ነው። ከዚሁ ቁጥር ግን ሌላም ነገር ይነበባል፦ ያ 802,000 ሕዝብ በአመዛኙ በእነዚሁ መደዳ ቤቶችና ዝቅ ባሉ አፓርትመንቶች ውስጥ ይኖር ነበር። እርግጥ በዚያ ዘመን ቤተሰቡ ትልቅ፣ ኑሮውም ጥብብ ያለ ነበር። ቢሆንም መደዳ ቤት በትንሽ መሬት ላይ ብዙ ሰው የሚያኖር ቤት ነው። ሕጉም ቢሆን ቤቱን ባለበት አድርቆ አያስቀምጠውም። ከጎዳናው የማይታይ ጭማሪ በጓሮ በኩል መሥራት፣ ከጣሪያው ወደ ኋላ ሸሸት ያለ ፎቅ ማከል፣ ምድር ቤቱን ለብቻው መኖሪያ ማድረግ ብዙ ጊዜ ሲፈቀድ የኖረ ነገር ነው። የቤቱን የውስጥ ክፍፍል መለወጥም በአብዛኛው ከግምገማው ውጭ ነው።

ጥበቃ በሌለባቸው ሰፈሮች ምን እንደሚሆን ደግሞ ታይቷል። ነዋሪዎች «ፖፕ አፕ» የሚሏቸው ከመደዳው በላይ ድንገት ብቅ ያሉ ፎቆች በዝተው ነዋሪው ሲያማርር፣ ከተማዋ በ2015 በብዙዎቹ የመደዳ ቤት ሰፈሮች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሠራውን ከፍታ ከ40 ጫማ ወደ 35 ጫማ አወረደችው። ከተጨመሩት ፎቆች ብዙዎቹ ለድሃው ቤት አልሆኑም፤ በውድ የሚሸጡ ኮንዶሚኒየሞች ሆኑ። ስለዚህ የቤት እጥረትን ማቃለል የሚፈልግ ፖለቲከኛ ባዶ መሬትን፣ የመኪና ማቆሚያ ሜዳዎችንና ዋና ዋና መንገዶችን አስቀድሞ ቢመለከት ይሻላል። መደዳውን ሰብሮ የሚገኘው ቤት ጥቂት ነው፤ የሚጠፋው ግን ተመልሶ አይሠራም።

ጆርጅታውን የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ

በእኔ እምነት የሕጉ ትልቁ ጉድለት ከዚህ ሌላ ነው። ሕጉ ጡቡን፣ መስኮቱን፣ ደረጃውን ያውቃል። የቤቱን ተከራይ አያውቅም።

ጆርጅታውን ለዚህ ምስክር ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚያ ሰፈር ሰፊ የጥቁሮች ማኅበረሰብ ይኖር ነበር። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሀብታሞች አሮጌዎቹን ቤቶች እየገዙ ሲያድሱ ያ ማኅበረሰብ እየሳሳ ሄደ፤ የ1950ው ሕግም ገጽታውን ሲጠብቅ ሰዎቹን የሚያቆይ ነገር አልነበረውም። ዛሬ የጆርጅታውን ቤቶች ገጽታቸውን እንደያዙ ተጠብቀዋል። በ1816 የተመሠረተው የማውንት ዛየን የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያንም አለ። ከምእመናኑ ብዙዎቹ ግን ሰንበት ሲሆን ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ሆነዋል።

በዩ ስትሪትና በሾውም ተመሳሳይ ነገር በዓይን እየታየ ነው። በ1970 ከከተማዋ ነዋሪ 71 በመቶ ገደማ የነበረው የጥቁሮች ድርሻ በ2020 ወደ 41 በመቶ ወርዷል። የኛም ሰው በዚሁ ወንዝ ተወስዷል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ተሰድዶ የመጣው ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ በብዛት በአዳምስ ሞርጋን ኤይቲንዝ ስትሪት ላይ ምግብ ቤቱን ከፈተ። እዚያ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ናይንዝ ስትሪት ወረደ። በዚያን ጊዜ ብዙ ነጋዴ ይሸሸው የነበረውን መደዳ አጥቦ፣ ቀብቶ፣ መብራት አብርቶ ሕይወት ዘራበት። አሁን እዚያም ኪራይ ሲወደድ ብዙው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ ቨርጂኒያ ሄዷል። በከተማዋ የ1980 ሕግ የመኖሪያ ቤት ተከራይ ቤቱ ሲሸጥ ቀድሞ የመግዛት ዕድል አግኝቶ ነበር፤ በ2018 ባለ አንድ ቤተሰብ ቤቶች ከዚህ ሕግ ወጥተዋል። የንግድ ቤት ተከራይ በዚያ ሕግ እንዲህ ያለ መብት ኖሮት አያውቅም። ሃያ ዓመት እንጀራ የጋገረበትን ቤት ውሉ ሲያልቅ ይለቃል፤ የቤቱ ፊት ግን በሕግ እንደተጠበቀ ይቀራል።

የሐበሻው ምዕራፍ

በ2005 የኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች የናይንዝ ስትሪት አንድ ብሎክ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ጠይቀው ነበር። በሰፈሩ የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ። ይህ የጃዝ ሙዚቀኛው የዱክ ኤሊንግተን፣ የዉድሰን፣ የወላጆቻችን ሰፈር ነው፤ ታሪካችን በሌላ ስም አይሸፈን የሚል ነበር የክርክራቸው ፍሬ ነገር። ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚያ ቅር ተሰኙ። ነገሩን ረጋ ብሎ ለሚያየው ግን የተቃዋሚዎቹ ሥጋት መሠረት ነበረው፤ ሰፈሩን በእሳትና በድህነት መካከል ይዘው ያቆዩት እነሱ ናቸውና። የሐበሻውም ሥራ ግን ሐሰት አይደለም። ሁለቱ ታሪኮች አንዱ ሌላውን ሳያስወጣ በአንድ መደዳ ሊጻፉ ይችላሉ፤ የቅርስ ምዝገባም ለዚህ ቦታ አለው። አንድ ሰፈር ሲመዘገብ ትርጉም ያገኘበት ዘመን ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ በሰነድ ይወሰናል። ሰነዱ ሊሻሻልና ዘመኑ ሊራዘም ይችላል።

ጊዜውም ደርሷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ አንድን ታሪክ ለመመዝገብ በመርሕ ደረጃ 50 ዓመት እንዲያልፈው ይፈልጋል። በከተማዋ የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት የሐበሻ ምግብ ቤት፣ ማማ ደስታ፣ በጆርጂያ አቬኑ የተከፈተው በ1978 ነው። በ2028 ግማሽ ክፍለ ዘመን ይሞላዋል። የአዳምስ ሞርጋኖቹ በ2030ዎቹ ይከተላሉ። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች፣ ወጥ ሠሪዎች፣ አስተናጋጆች፣ በምድር ቤቱ መድረክ የዘፈኑት ሙዚቀኞች በዕድሜ ገፍተዋል። ምናሌው፣ የኪራይ ውሉ፣ የመክፈቻ ቀን ፎቶግራፉ፣ የንግድ ፈቃዱ በየቤቱ በሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ልጆች ቤት ሲለውጡ የሚጥሉት እንዲህ ያለውን ወረቀት ነው። የምዝገባ ማመልከቻ ደግሞ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው፤ የትኛው ቤት፣ በየትኛው ዓመት፣ ማን ከፈተው፣ ምን ተሠራበት የሚል ጥያቄ ያለ ማስረጃ አይመለስም።

ስለዚህ መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የማኅበረሰብ ማኅበራት አሁኑኑ ሰነድና ቃል ይሰብስቡ፤ ይህ ሥራ ከወጣቶቹ ስልክና ከአንድ መዝገብ ያዥ በላይ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ማመልከቻ ማቅረብ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽንና ለቅርስ ጥበቃ የቆመ ድርጅትም ይችላል። በቦርዱ ስብሰባ ላይ ማንም ነዋሪ ቀርቦ መናገር ይችላል። በከተማዋ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ የመንግሥት ቢሮዎች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ የማይቀናቸው እናት አስተርጓሚ ጠይቀው በአማርኛ ሊመሰክሩ ይችላሉ። በዚህ መብት እንጠቀም። አቅሙ ያላቸውም ከመከራየት ወደ መግዛት ያስቡ፤ ለብቻ ካልሆነ በአክሲዮን። በብሔራዊ መዝገብ ውስጥ ያለ፣ ገቢ የሚያስገኝ ቤት በደንቡ መሠረት ከፍተኛ እድሳት ሲደረግለት ባለቤቱ ካወጣው ተቀባይነት ያለው ወጪ 20 በመቶው ከፌዴራል ግብሩ ይቀነስለታል። ይህ ዕድል ለአልሚዎች ብቻ የተተወ አይደለም።

ከከተማዋ ምክር ቤትም የሚጠበቅ አለ። በተመዘገበ ሰፈር ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠራ የንግድ ተከራይ ቤቱ ሲሸጥ ቀድሞ የመግዛት መብት ይሰጠው። ግብሩ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ነባር ባለቤትና በኖራ ለመጠገን ገንዘብ ያነሰው ጡረተኛ በቂ ድጋፍ ያግኙ። ሕዝብ ስለ ቤቱ ፊት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ካለው፣ ያንን ፊት ለሕዝብ ጠብቆ ላቆየው ሰው የመካስ ግዴታም አለበት። ጥበቃው ጡቡን ከነሰዎቹ እስኪይዝ ድረስ ሥራው አላለቀም፤ የኛን ምዕራፍ ደግሞ እኛ በሰነድ ካላስገባነው ሌላ የሚያስገባልን የለም።